ባሕሩ ጥሎት የሄደው የጀልባ ቤት

ውድ ሊኔያ፣

ሄልሲንኪ ውስጥ የሚያመልጠን የከተማው ባቡር፣ ትራሙ ነው፤ እዚህ አያቴ መንደር ግን የሚያመልጠው ባሕሩ ነው። ምድሩ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ከፍ ስለሚል ውኃው ይሸሻል፤ የአያቴ የሩናር የጀልባ ቤት ሣር መሐል ቀርቶ በጎች ይተኙበታል። እሳቸው ግን «አባቴ የሠራውን አላነቃንቅም» ብለው፣ ዓሣ ማጥመዱን ትተው ካኮረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው።

ትናንት ከሁለቱ አያቶቼ ጋር የዱር ፍሬ ልንለቅም ኮረብታው ላይ ስንወጣ የጥንት ዓሣ አጥማጆችን የጎጆ መሠረቶች አሳየኋቸው፤ አንዱ አናቱ ላይ፣ ሌላው ወገቡ ላይ፣ ሌላው ከግርጌው፤ ሁሉም በየዘመናቸው ባሕር ዳር ነበሩ።

«አባባ፣ እነዚህ ባሕሩን እግር በእግር ተከተሉት እንጂ አላኮረፉትም» አልኳቸው።

«ቀላል ጎጆ ስለነበራቸው ነዋ!»

ሴት አያቴ ሲግኔ ቀበል አድርገው፣ «ያንተን ጭንቅላት የሚያህል ከባድ ዕቃ አልነበራቸውማ!» አሏቸው።

አያቴ ሩናር ከታችኛው መሠረት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ከዚያ እስከ ባሕሩ ያለውን ርቀት በዓይናቸው ለኩ። ከዚያ፣ «ቅዳሜ ጎረቤቶቹን ጥሪልኝ፤ የጀልባ ቤቱን ግንድ ላይ አንከባልለን ወደ ባሕሩ እናወርደዋለን። ግንዶቹንም ከሥሩ እንተዋቸው፤ በአንቺ ጊዜ ደግሞ አንቺ ትገፊዋለሽ» አሉኝ።

የፖስታ ካርዱ ሞላ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። አንቺም ከወዲሁ ክንድሽን አፈርጥሚ፤ ተራዬ ሲደርስ የምጠራው አንቺን ነው።

ኤባ