ጀልባችንን ለዐሥራ አራት ቀን በደረቅ ላሳደሩልን የወደብ ሹም

ለተከበሩ ሙሴ ቱግዱዋል
የፖርዝ ኬሌን ወደብ ሹም
ብረታኝ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በተለይም የባሕሩን ከፍታ የሚገምቱበት ዐይንዎ እንደምን እንደ ሰነበተ በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። እኔና ባለቤቴ ጎልቨን ደኅና ነን፤ ጀልባችንም ባሕሩን ለምታስሞላው ለጨረቃ ምስጋና ይግባትና ዛሬ ውሃ ላይ ናት። ለእርስዎ የሚገባውን ምስጋና ግን ሰው ሁሉ እንዲሰማው በዝርዝር አቀርባለሁ።

1ኛ/ ባሕሩ እስከ አፉ በሞላበት በዚያ ጧት ሸራችንን አውርደን ወደ ወደብዎ ስንገባ፣ ከግንቡ ላይ ሆነው በእጅዎ እየመሩ ከጀልባ ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ስላሳሰሩን እናመሰግናለን። ባለቤቴ ውሃው ነገም እዚህ ይደርስ እንደ ሆነ ቢጠይቅዎ፣ «ጌታው፣ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት እዚሁ ነው፤ ምን አስጨነቀህ?» አሉት። የዚያን ቀኑ ሙላት ትልቁ እንደ ነበረ፣ ከዚያ በኋላ ባሕሩ በየቀኑ እያጠረ እንደሚመጣና እኛ ዘንድ ተመልሶ የሚደርሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ሆነ ግን ሳይነግሩን ቀሩ። በርግጥ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት የተጻፈበትን ሰንጠረዥ እኛም ማየት እንችል ነበር፤ ባርኔጣ ያደረገ ሹም እየተናገረ መጽሐፍ መግለጥ ነውር መስሎን ተውነው።

2ኛ/ ውሃው ሲሸሽ ጀልባችን በግራ ጎኗ ተጋደመች፤ ሾርባችንም ተከተላት። ከዚያ ወዲህ ራሳችን ከእግራችን ዝቅ ብሎ እየተኛን ስለ ከረምን፣ ለደም ዝውውራችን ላደረጉት አስተዋፅኦ ውለታዎ አለብን። በማግስቱ ባሕሩ መጣ፣ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆም ብሎ አየንና ተመለሰ። ከፊት ለፊት የሚኖሩት ማዳም ስዋዚግ በየጧቱ ትኩስ ቂጣ ይዘውልን እየመጡ፣ «ዛሬስ ወዴት ልትሄዱ ነው?» ይሉን ነበር።

3ኛ/ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው። ስንጓዝ የነበረው ጀልባዋን ልንሸጥ ነበር። የጎልቨን ጉልበት መሰላል መውጣት እምቢ ካለው ሁለት ዓመት ሆኖታል። እንሸጣት ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱም እሺ አለና ከዚያ ቀን ጀምሮ ንግግር አቆመ። ገዢው፣ አንድ የጥርስ ሐኪም፣ በሚቀጥለው ወደብ ሐሙስ ዕለት ይጠብቀን ነበር።

በእርስዎ ቸርነት ሐሙስም አለፈ። ጎልቨን ግን ሥራ ሲያጣ አሸዋው ላይ ወርዶ፣ በጀልባዋ ሆድ ላይ የተጣበቀውን ዛጎል እየፋቀ፣ ለሚመጣው መንደርተኛ ሁሉ የት የት እንደ ደረሰች ያወራ ጀመር። በዌሳን ደሴት አጠገብ ማዕበል የያዘን ቀን፣ እኔ እያፏጨ ሲነዳ አይቼው የተጽናናሁበት ቀን፣ ለካ ፉጨቱ ከፍርሃት ነበር። ይህን ለማዳም ስዋዚግ ሲነግራቸው፣ እኔ ከጀልባዋ ላይ ጨርቅ እያሰጣሁ ሰማሁት።

በዘጠነኛው ቀን ሐኪሙ መኪናውን እየነዳ መጣ። ጀልባዋን በጫማው ጫፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና ዋጋው ዝቅ እንዲልለት ጠየቀ።

«ጫማዎን ያንሡልኝ፤ አትሸጥም» አለ ጎልቨን።

ከዚያም ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ይጠብቅ ነበር፤ እኔም በዘጠኝ ቀን ውስጥ ያጠራቀምኩት ነበረኝ። ነገር ግን አንገቱ ላይ የተፋቀ ቀለም፣ ጢሙ ላይ ዛጎል ይዞ ሲያየኝ፣ አፌን ከፍቼ የወጣልኝ፣ «እንግዳው እንዳይንሸራተቱ መንገዱን አሳያቸው» የሚል ብቻ ሆነ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ልገላገላት የነበርኩትን የምታፈስ ጀልባና ዳግመኛ ማውራት የጀመረ ባል አንድ ላይ አሸክመውኛል። በየትኛው እንደምከስዎ ገና አልወሰንኩም።

በሚሾሙበት ስፍራ ሁሉ ትንሽ ውሃ እንዲገኝ ከልብ እየተመኘሁ፣ አሁንም ቀጥ ብዬ መቆም ስላልለመድኩ በጎኔ ዘንበል ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አዜኖር ኬርብራት

ግልባጭ፦
ግንቡ ላይ ተደግፈው ለዐሥራ አራት ቀን ሲመለከቱን ለሰነበቱት ሁሉ

ማስታወሻ፦ በወጣንበት ጧት፣ በወደቡ መውጫ ካለው ቀይ ምልክት በስተቀኝ እንዳናልፍ ሊያስጠነቅቁን በሞተር ጀልባዎ ተከትለውን ሲመጡ እርስዎ ራስዎ ከነጀልባዎ አሸዋው ላይ ተይዘው ሲቀሩ አይተናል። ጎልቨን ባርኔጣውን አንሥቶ ሰላም ብሎዎታል። እኔ ደግሞ በዚህ ጊዜ ሰንጠረዡን ገልጬ ነበር፤ ውሃው ገና መጉደል መጀመሩ ነው፤ የሚመለሰውም ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።