ሞቱ የተባሉትን አክስታቸውን ያገኙት አገረ ገዥ፦ ክብርት አልቢና ቮንድራ ቲዴ (1926–2011)

ታላቅ እህቴ ክብርት አልቢና ቮንድራ ቲዴ ከአባታቸው ከአቶ ዮሴፍ ቮንድራና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባርቦራ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1926 በደቡብ ዳኮታ፣ ታቦር አጠገብ ባለው የቤተሰቡ እርሻ ተወለዱ። አንድ ክፍል ብቻ በነበራት የመንደሩ ትምህርት ቤት ተምረው፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በዚያችው ክፍል አስተማሪ ሆኑ። ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብተው በሕግ ተመረቁ። በ1953 የከብት ሐኪሙን አቶ ዋልተር ቲዴን አግብተው ሎይስንና ጋይለንን አፈሩ።

በዐቃቤ ሕግነትና በምክር ቤት አባልነት ከሠሩ በኋላ በ1978 አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። አባታችን፣ "እንግዲህ የመንገዳችንን በረዶ ቶሎ ታስጠርጊልናለሽ" ቢሏቸውም፣ የእኛ መንገድ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ቀድሞ አልተጠረገም።

በ1980 ክረምት፣ የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ስድስት መቶ ሰዎች ለሚኖሩበት ተቋም አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ የሚፈቅድ ወረቀት ቀረበላቸው። "ያላየሁትን አልፈርምም" ብለው ሳያስታውቁ ሄዱ። የነዋሪዎቹን መዝገብ አስመጥተው ስም በስም ሲያነቡ፣ "ቮንድራ፣ ፍራንቲሽካ፤ የገባችው 1921" የሚል አገኙ።

ፍራንቲሽካ የአባታችን ታናሽ እህት ናቸው። በዐሥራ አራት ዓመቷ በትኩሳት ሞታለች ተብለን ነው ያደግነው፤ በየዓመቱ በሙታን መታሰቢያ ቀን ስማቸው ቤተ ክርስቲያን ይጠራ ነበር። እህቴ በባላቸው ስም ብቻ ይጠሩ ስለነበር፣ አብሯቸው ከነበሩት ማንም ነገሩን አላወቀም። ገጹን ገልጠው ማለፍ ይችሉ ነበር። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ሚሎ፣ እኔ ብሆን ገልጬ አልፈው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስቤበታለሁ።

አክስታችን ልብስ ማጠቢያው ክፍል አንሶላ እያጠፉ ነበር። እህቴ በቤታችን ቋንቋ፣ በቼክኛ፣ "የዮሴፍ ልጅ ነኝ" ቢሏቸው፣ ከእግር እስከ ራሳቸው ተመልክተዋቸው፣ "ያ ዝይ የሚፈራው ዮሴፍ? ደግሞ ማን አገባው?" አሉ።

የሚጥል በሽታ ስለነበረባቸው ወላጆቻቸው ተቋሙ ውስጥ አስገብተዋቸው፣ ከኀፍረት የተነሣ ሞተች ብለው አስወርተው ኖሯል። አባታችን ያውቁ ነበር። በሰባ ሰባት ዓመታቸው፣ "እባክሽ አልቢና፣ እኔ ከሞትኩ በኋላ አውጪው" ብለው ለመኗቸው።

"አባዬ፣ እሷስ መቼ ትኑር?" አሉ እህቴ።

አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ አኮረፏቸው። አማካሪያቸውም፣ "ክብርት፣ ይህ ነገር ምርጫዎን ይበላዋል" ቢሏቸው፣ "ይብላው!" ብለው አክስታችንን ይዘው ምክር ቤት ገቡ። "ለሕንፃው አልፈርምም። እዚያ ሰገነት ላይ የተቀመጡት አክስቴ ናቸው። በሕይወት እያሉ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሙት ጸሎት ጸልየንላቸዋል" አሉ።

የተቋሙ ነዋሪዎች በየከተማው በትንንሽ ቤቶች እንዲኖሩ የሚያደርገው ሕግ ከዓመት በኋላ በሁለት ድምፅ ብልጫ ጸደቀ። በየከተማው ግን ተቃውሞ ተነሣ። እህቴ በየቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እየተገኙ ስድቡን ሁሉ ቁጭ ብለው ሰሙ። አንድ ገበሬ፣ "እርስዎ ቤት ይውሰዷቸው እንጂ!" ብሎ ቢጮህ፣ "ወስጃለሁ እኮ። አክስቴ እኔ ቤት ናቸው። በካርታ ጨዋታ ማንም አይችላቸውም፤ ይምጡና ይሞክሯቸው" አሉት።

በ1981 የፋሲካ ዕለት አባታችን፣ "ሚሎ፣ ውሰደኝ" አሉኝ። ከአገረ ገዥዋ ቤት ደጃፍ ደርሰን አንድ ሰዓት ሙሉ ከመኪናው አልወርድም አሉ። በመጨረሻ አክስታችን ካፖርት እንኳ ሳይደርቡ ወጥተው፣ በሩን ከፍተው አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ ወረድኩ። በመስኮቱ የሁለቱም ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ይሳቁ ያልቅሱ አልለየሁም።

በ1982 እህቴ ምርጫውን ተሸነፉ። ታቦር ተመልሰው በጥብቅና ሠሩ። አክስታችን በ1991 በሰማንያ አራት ዓመታቸው እስኪያርፉ ድረስ ከእሳቸው አልተለዩም።

ክብርት አልቢና ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2011 በተወለዱ በ85 ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ስምንት ዓመት ቀድመዋቸዋል። ሁለት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆችና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። በኑዛዜያቸው፣ "በቀብሬ ዕለት የፊተኛው ወንበር ለባለሥልጣን አይያዝ" ብለዋል። ከእነዚያ ትንንሽ ቤቶች የመጣችሁና ዛሬ ከፊት የተቀመጣችሁ ወዳጆቻቸው ሆይ፣ ቦታውን ያስያዙላችሁ እሳቸው ናቸው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ያኑርልን፤ ለእኛም ከድፍረታቸው ጥቂት ያድለን። አሜን።