የፌንጣ ጉልበት

ለእማዬ፣

ሰላምታዬን ከማስቀደሜ በፊት የጎረቤታችንን የእትዬ አዋላጅን ወሬ ልንገርሽ፤ እሱን ሳትሰሚ እንዴት ነሽ ብልሽ መልስ እንደማትሰጪኝ አውቃለሁ። ድነዋል። የተሰበረው ዳሌያቸው ገጥሞ፣ ምርኩዙን አሁን የሚይዙት ለመደገፊያ ሳይሆን የሰው በር ለማንኳኳት ነው። የልጃቸው ሚስት መንታ ወልዳለች፤ ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም ጯሂዎች። እሳቸው ግን «ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልጅ ሳዋልድ ኖሬ የራሴን የልጅ ልጆች ሌላ ሰው ተቀበለብኝ» እያሉ እስካሁን ይቆጫሉ። ሰላም በይልኝ ብለውሻል።

አንቺስ እማዬ፣ ወገብሽ እንዴት ነው? ዐይንሽ መርፌ ቀዳዳ አልታይ ካለው ወዲህ እጅሽ ሥራ ፈትቶ እንደሚበላሽ ሳስበው አዝናለሁ። ይህን የምታነብልሽን የእህቴን ልጅ አትቸኩዪ በያት፤ ስትቸኩል መስመር ትዘላለች። ጮክ ብላ ብታነበውም የሚያሳፍር ነገር የለበትም። የቀረውን አንቺ ትሰሚዋለሽ።

ወሬዬ የፌንጣ ነው። መቼም አትረሻትም። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእኔ ቀጥሎ የሚወዳት፣ አንዳንድ ቀን እንዲያውም ቀጥሎ መሆኗን የምጠራጠረው ያቺ ቀይ የስፖርት መኪና። አንድ ቀን ገብተሽባት «ይሄ መቀመጥ ነው መተኛት?» ብለሽ የተቆጣሽባት። እሱ ካረፈ ጀምሮ ጓሮ ቆማ ነበር። ልጄ ደግሞ ያው መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከሚንቀጠቀጥ ተማሪ ጎን ተቀምጣ በሌላ ሰው ጥፋት ፍሬን ስትረግጥ ትውላለች። ለዚህ ይሆናል፣ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው በሚወስደው ዳገት ላይ በየዓመቱ የሚደረገውን ውድድር በአባቴ መኪና ካልገባሁ ብላ የተነሳችው።

ውድድሩ ዝም ብሎ አያስገባም። ማጣሪያ አለው፤ ዳገቱን በተባለው ሰዓት ያልጨረሰ መኪና ይመለሳል። አምና ሞክራ ፌንጣ ቁና ቁና እየተነፈሰች ስትደርስ ሰዓቱ ካለፈ ቆይቶ ነበር። ከተመልካቹ አንዱ «ጣሪያዋን ቆርጣችሁ አበባ ትከሉባት» አላት። ልጄ እዚያ ሳቀች፤ ቤት ስትገባ አለቀሰች።

እኔም ጨከንኩ። ዘንድሮም ካልወጣች ትሸጣለች አልኳት። መኪና ፈታቶ ዕቃውን የሚሸጥ ሰውዬ ደጃችንን ከረገጠ ሰንብቷል። በሯን እየነካካ፣ መሪዋን እየነቀነቀ «ይሄ ደህና ነው፣ ይሄም ደህና ነው» ሲል ስታዪው፣ መኪና ሊገዛ ሳይሆን ሬሳ ሊገንዝ የመጣ ይመስላል። ልጄ እሺ አለችኝ። አንገቷን ደፍታ እሺ ስትል ግን፣ ምነው ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ።

ችግሩ፣ ጉልበት መጨመር ገንዘብ ይፈልጋል። ልጄ መጀመሪያ ያሰበችው ተርቦ ማስገጠም ነበር። ምንድን ነው እሱ ብላት፣ ለሞተሩ አየር በግድ የሚያጎርስ ነገር ነው አለችኝ። ዋጋውን ስሰማ፣ እሱን ከገዛንማ ተርቦ የሚያድረው ቤተሰቡ ነው አልኳት። ስለዚህ ወደ ጋሽ ካንዴላ ሄድን። የባለቤቴ ወዳጅ የነበሩት መካኒክ ናቸው፣ ታውቂያቸዋለሽ፤ ለመኪና ሕመም ሁሉ ካንዴላ ቀይሩ የሚሉት። ሆዴን አመመኝ ብትያቸውም ካንዴላሽ ቆሽሾ ይሆናል ከማለት አይመለሱም። የእጃቸውን ዋጋ አልጠየቁንም፤ እኔም ለተቀዳደደው የጋራዣቸው ሶፋ አዲስ ልብስ ሰፋሁለት።

እሳቸው መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩና «ገንዘብ የሌለው ሰው ጉልበት አይገዛም፤ የጠፋበትን ይፈልጋል» አሉ። እኔ ግን ያለችን ገንዘብ መጀመሪያ ለፍሬን ትዋል ብዬ ድርቅ አልኩ። ልጄ ኮፈኑ ላይ እንደተደፋች «እማ፣ ፍሬን እኮ ዳገት አያስወጣም!» አለችኝ። የወጣ መውረዱ መች ይቀራል አልኳት። ጋሽ ካንዴላ ሳቁና «አይ አንቺ፣ እናትሽን መሰልሽ» አሉኝ።

ፍሬኑ ከታደሰ በኋላ ማቅለል ተጀመረ። ባለቤቴ ከኋላዋ ያስበየደው የብረት ዕቃ መጫኛ ተቆረጠ። የማይሠራው ሬዲዮ ወጣ። የጎኑ መቀመጫም ወጣ፤ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ነው፣ እትዬ አዋላጅ ይመቻል ብለው ተቀመጡበትና ለማንሳት ሁለት ሰው አስፈለገ። ከሥሩ ባለቤቴ «ሰረቃችሁኝ» እያለ ስንት ጊዜ የጨቀጨቀን ማበጠሪያ ተገኘ። በእጄ ይዤው ቆየሁ። ካርቡራቶሩ ተፈቶ ታጠበ፣ አየር ማጣሪያው ተቀየረ፣ የታፈነው ጭስ ማውጫ ከፈረሰ ሚኒባስ በመጣ ሰፊ ቱቦ ተተካ። ካንዴላውም ተቀየረ፤ እሱ ካልተቀየረማ ጋሽ ካንዴላን እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ለውጥ አልመጣም አልልሽም። ስትነሳ ትወረወራለች። ዳገቱ ሲጠና ግን ያው የአምናዋ ፌንጣ ትሆናለች፤ የሆነ ሰው ከኋላ ቀሚሷን ይዞ የሚጎትታት ነው የሚመስለው። ማጣሪያው ሳምንት ሲቀረው ልጄ ከሙከራ ተመልሳ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችና «ሰውየውን ጥሪው እማ፣ አባቴም አርጅታለች ሲል ነበር» አለችኝ።

አልጠራሁትም። በማግስቱ እሷ ሥራ ሄዳ ሳለ ጋሽ ካንዴላ መጡና፣ ሞተሩ እንደጠፋ ካርቡራቶሩን ላየው እፈልጋለሁ፣ ግቢና ነዳጁን ርገጪልኝ አሉኝ። ገባሁ። እሳቸው አንገታቸውን ኮፈኑ ሥር ቀብረው፣ ርገጪ አሉኝ፣ ረገጥኩ። እስከ መጨረሻው እንጂ አሉኝ። መጨረሻው ነው አልኳቸው። «የምን መጨረሻ፣ ገና ግማሹ ነው የተከፈተው! እግርሽ ፈራ እንዴ?» ብለው ጮኹብኝ። እግሬ ምን ያስፈራዋል፣ ምንጣፉ ጋ ደርሶ ቆመ እንጂ ብዬ እኔም ጮኽኩ። አንገታቸውን አወጡና አዩኝ። እኔ ደግሞ ጎንበስ ብዬ ወለሉን አየሁ።

ያ ምንጣፍ ያንቺ ነው እማዬ። ልጄ በተወለደች ሰሞን መጥተሽ እኛ ዘንድ የከረምሽ ጊዜ «አማቼን እግሩን እንዳይበርደው» ብለሽ የሰፋሽለት፣ እንዳይንሸራተትም ብለሽ ዙሪያውን ከወለሉ ጋር ጥፍር አድርገሽ ያሰርሽው። ባለቤቴ «አማቴ ከልጇ ይልቅ እኔን ትወዳለች» እያለ ላየው ሰው ሁሉ ይኩራራበት ነበር። ፌንጣ ጉልበት ከዳት የተባለውም በዚያው ዓመት ነው። እሱ አረጀች አለ፣ ጋሽ ካንዴላ ካንዴላ ነው አሉ፣ እኔ ደግሞ ከሕፃን ጋር ነበርኩ፣ ነገሬም አላልኩት።

እስሩን ፈትቼ አወጣሁት፣ ስፌቱንም ቀስ ብዬ ተረተርኩት። በግራ በኩል አንድ እጥፍ ነው። መሃሉም አንድ እጥፍ። በቀኝ፣ በነዳጅ መርገጫው ሥር ብቻ፣ አራት እጥፍ ወፍራም የብርድ ልብስ ጨርቅ፣ እንደ ጉንዳን ሰልፍ በተጠጋጋ ስፌት። መርፌ ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽና እጅሽን አልስተውም። ሳትለኪ ጨርቅ እንደማትቆርጪም አውቃለሁ።

ጋሽ ካንዴላ ምንድን ነው ይሄ አሉኝ። እናቴ የተረፈ ጨርቅ መጣል አትወድም አልኳቸው። ለልጄም ያንኑ ነው የነገርኳት። እሳቸው ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ያ ሁሉ ካንዴላ...» ብለው ጀምረው ተዉት።

የማጣሪያው ቀን ዳገቱ ጫፍ፣ ውኃ ማጠራቀሚያው ሥር ቆሜ ጠበቅኳት። ከመኪናዋ በፊት ድምጿ መጣ። እማዬ፣ ያን ድምፅ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ! ልጅ ሳይመጣ፣ እሱና እኔ ብቻ ሳለን፣ ፀጉሬ በመስኮት እየተበተነ በአፌ ቀስ በል፣ በሆዴ ጨምር በምልበት ጊዜ የነበረው ድምፅ ነው። አጥሩን ይዤ ተንጠራራሁ። የመጨረሻዋን ኩርባ ዞራ ብቅ ስትል ሰዓት ያዡ እጁን አነሳ። አልፋለች! አንደኛ እንዳይመስልሽ፣ ካለፉት ከመጨረሻ ሁለተኛ ናት። ግን ውድድሩ ውስጥ ገብታለች። ወርዳ ስታቅፈኝ ነዳጅ ነዳጅ ትሸታለች፣ ልክ እንደ አባቷ። ቁልቁለቱን ስትመለስ ደግሞ በዐይኔ ተከተልኳት፤ በየኩርባው ረጋ እያለች፣ ፍሬኗን እየያዘች ነው የወረደችው። አዲሱ ፍሬን ይይዛል እማዬ። እንቅልፍሽን ተኚ።

ባለቤቴ ሲያርፍ አልጋው ላይ ነበር፤ ፀጉሩ ሸብቶ፣ ልጁን ለቁም ነገር አብቅቶ፣ እጄን ይዞ። በወጣትነቱ ከእሱ ጋር እሽቅድምድም ይወጡ ከነበሩት ጓደኞቹ ስንቱ ሳይሸብት እዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል። እንዲሁ ትዝ ብሎኝ ነው የምጽፍልሽ። ለእሱ የሰፋሽው ምንጣፍ ሙቀቱ ለእኔም ደርሶኛል፤ ዕድሜ ይስጥሽ። አጥቤ አልጋዬ ሥር አንጥፌዋለሁ።

ትናንት ያ ዕቃ ገዢ መጥቶ፣ ሐሳብ ቀይራችሁ ይሆን አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት እትዬ አዋላጅ በምርኩዛቸው በሩን አሳዩትና «እዚህ ቤት የሞተ የለም፣ ሌላ ደጅ ሞክር» አሉት። እሱ ሲወጣ ምንጣፉን አመጣሁላቸው። ገልብጠው አዩት፣ ቀኙን በጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ምን አሳቀዎት ብላቸው «ለእናትሽ ስትጽፊ፣ ያን ወፍራም ጨርቅ የሚቆርጥ መቀሴን ትመልስልኝ በያት፤ ያኔ በጓሮ በር መጥታ ተውሳኝ ነው» አሉኝ። እንግዲህ መልእክቱን አደረስኩ።

ለልጄ አዲስ ምንጣፍ ብትሰፊላት ደስ ይላታል፤ ክሩን የእህቴ ልጅ ታስገባልሽ። ስስ ይሁን፣ በቀኝም በኩል። አንዲት እጥፍ ብታመልጥሽ ግን፣ እኔም እናት ነኝ፣ ተርትሬ አላይም።

ዐይንሽን ያብራልሽ፣ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ የልጅ ልጅሽን ድል ለመስማት ያብቃሽ።

መርፌ ያስያዝሻት ልጅሽ