ከሠላሳ አምስት በታች

እንጅባራ
የካቲት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለልጄ ለወርቅአየሁ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የጂንካ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ቀጥዬ «እኛ ደህና ነን» ብዬ ጽፌ ነበር። ሰረዝኩት። እንደገና ጻፍኩት፤ እንደገና ሰረዝኩት። ከላይ የምታዪው ጥቁር ነገር እሱ ነው። ወረቀት አልቀይርም። ዛሬ የተሰረዘውም ይታይ።

እናትሽ ጎረቤታችን ሸጋ ዘንድ ሄዳለች። የሸጋ ልጅ ወልዳ ልትጠይቃት ነው። እስክትመለስ ሁለት ሰዓት ቢኖረኝ ነው። ስትመለስ ይህን ደብዳቤ አነብላታለሁ። የቤታችንን ልማድ ታውቂያለሽ፤ ለእናትሽ ሳይነበብ የታሸገ ደብዳቤ የለም። ፊደል ባትቆጥርም ሰምታ፣ ከስሜ በታች ያችን ትንሽ መስቀሏን ትሠራለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚታሸገው። ኮሌጅ ሳለሽ የላክንልሽን ካስቀመጥሽ አውጥተሽ እዪ። መስቀል የሌለበት አታገኚም።

በስልክ ልነግርሽ አልቻልኩም። ስትደውዪ «ድምጹን ክፈተው» ትለኛለች። ከጎኔ ተቀምጣ አገጯን ወደ ስልኩ ታስጠጋለች። እኔም የማወራው እሷ የምትሰማውን ነው። ብቻዬን ስሆን ደግሞ ምላሴ እንቢ ይለኛል።

ስለዚህ መጀመሪያ ቁጥሩን ልጻፈው።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

ሠላሳ አንድ አይደለም። በጥር ሠላሳ አንድ ሆነ ብዬሽ በስልኩ ውስጥ እልል ያልሽው፣ አብረውሽ የሚሠሩት ሴቶች ምን ተገኘ ብለው የመጡልሽ፣ እሱ ውሸት ነው። ሠላሳ አንድ የሚባል ውጤት ወደዚህ ቤት መጥቶ አያውቅም። ለምን ሠላሳ አንድ እንዳልኩ ራሴን ጠይቄአለሁ። በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያገለገልኩት ሠላሳ አንድ ዓመት ነው። ምላሴ ላይ የነበረው ቁጥር እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰውን ቃል አንድ ፊደል ሳልቀይር ስገለብጥ ኖርኩ።

አንቺ አዋላጅ ነሽ፤ የዚህ ቁጥር ትርጉም ከእኔ ይልቅ ይገባሻል። ያስተማርሽንም አንቺ ነሽ። ባለፈው ሰኔ ቀዶ ጥገናው አልቆ፣ በሽታው የእንቁልጢ ካንሰር ነው ከተባልን በኋላ፣ ሲኤ መቶ ሃያ አምስት የሚሉት የደም ምርመራ አለ ብለሽ አስረዳሽን። እናትሽ የራሷ ውጤት መስሏት «መቶ ሃያ አምስት ብዙ ነው እንዴ?» አለች። ሳቅሽ። ስሙ ነው እማ፣ ያንቺ ሌላ ነው አልሻት። ከዚያ ይቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተናገርሽ። ከሠላሳ አምስት በታች ሲወርድ ጥሩ ነው።

በማግስቱ ጠዋት እናትሽ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዳ ተሳለች። ከሠላሳ አምስት በታች ካወረድክልኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ አለችው። ሌላው ሰው ማረኝ ብሎ ነው የሚሳለው። እናትሽ ለሰማዕቱ ቁርጡን ነገረችው። በቆሰበርና በዳንግላ ገበያ ሠላሳ ዓመት ቅቤ የሸጠች ሴት ናት፤ ቁርጥ ሳይነገር ውል አታውቅም።

መጀመሪያ ሺህ አንድ መቶ አርባ ነበር። ከሦስተኛው ኬሞ በኋላ ሦስት መቶ አሥር ሆነ። ከስድስተኛው በኋላ አርባ ሁለት። አርባ ሁለት ስላት ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰና «ሰባት ቀረው» አለች። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ የነበረውን ነገር ደስታ ልበለው? ጸጉሯ እንደ ጫጩት ላባ መብቀል ጀምሮ ነበር። ሻሿን አውልቃ ዳሰስልኝ አለችኝ።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ።

ደሟን ባሕር ዳር ይቀዱና ወደ አዲስ አበባ ይልኩታል። ውጤቱ የሚመጣው መናኸሪያው አጠገብ ባለው በኑርሁሴን ኮፒ ቤት ነው፤ ኔትወርክ የሚይዝለት እሱ ነውና በቴሌግራም ይልኩለታል፣ አትሞ ይሰጠኛል። ሰባ ስምንት ይል ነበር። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ ቤት ሄድኩ። መንገዱን አላስታውሰውም። እናትሽ ግድግዳውን ተደግፋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ አላቅለሸለሻትም፤ የተቀቀለ ድንች በጨው ትበላለች። ጣቷ ላይ ጨው ነበር። «ስንት ሆነ?» አለችኝ።

ሠላሳ ስምንት አልኳት።

«ሦስት ቀረው» አለች። ሁለተኛ ድንች አነሳች።

ይኸው ነው። ስለ ድንቹ ነው የዋሸሁት። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

በጥር ግን «ወረቀቱን ይዘህልኝ ና፣ በዓይኔ ልየው» አለች። ፊደል ባታውቅ ቁጥር ታነባለች። ኑርሁሴን ዘንድ ስገባ ፊቴን አላየኝም፤ ቀድሞ አንብቦታል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ቀይርልኝ አልኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ደግሜ ነገርኩት።

«ጋሼ አየነው» አለኝ፣ «መታወቂያ ቀይርልኝ ያለኝን ሰው ከዚህ በር አባርሬዋለሁ። እርስዎ ነዎት እኮ ደግ አደረግህ ያሉኝ።»

እውነቱን ነው። ብዬዋለሁ። በመሀል አንዲት ተማሪ ገብታ የትምህርት ማስረጃዋን አስገለበጠች። ሁለታችንም ማሽኑን እያየን ቆምን። ስትወጣ «ለእትዬ እታለማሁ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእሷ ነው አልኩ። ቀና ብሎ ሳያየኝ ሠራው። ልከፍለው ስል እጄን መለሰው። «ለዚህ አልቀበልም። እርስዎ አላዘዙኝም፣ እኔም አላተምኩም። አላህ ግን አይቶናል» አለኝ።

እናትሽ ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዛ ሦስቱንና አንዱን በጣቷ እየነካች አየችው። ሳመችው። ከደረቷ ሥር ከተተችው።

የቀረውን ነግራሻለች። ጃንጥላውን ከዳንግላ አስመጣች፤ ቀይ ከፋይ፣ ዘርፉ ወርቅማ። ጥር ሃያ ሦስት፣ በሰማዕቱ ንግሥ፣ ከተማው በፈረሰኛ ተሞልቶ በአቧራው መካከል ራሷ ተሸክማው ሄደች፤ አልሰጥም አለች። አንቺ ያልሰማሽው ይኼን ነው፦ መሪጌታ ወገኔ ስሟን ጠርተው፣ ሰማዕቱ ከሠላሳ አምስት በታች አውርዶላታል ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ከወንዶቹ ጋር ቆሜ ነበር። ጃንጥላው ሲዘረጋ ቀና ብዬ አላየሁትም።

ያልተሰጣትን አስከፈልኳት። ለሰማዕቱ የዋሸው ማን ነው? እሷ ናት ወይስ እኔ? ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ለማንም።

የካቲት አራት ሐኪሟ ደወለችልኝ። ልጅ እግር ናት፣ ድምጿ የአንቺን ይመስላል። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ስለጨመረ ሳይዘገይ መታየት አለባት አለችኝ። ቁጥሩን ብቻ አናክምም፣ እሷን ነው የምናክመው፤ ትምጣ፣ ሲቲ ስካን እናንሳት፣ ተመልሶ ከሆነ ሌላ መድኃኒት አለ። ያድናታል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ጊዜ ሊሰጣት ይችላል፤ ግን ቶሎ ከመጣች ነው» አለችኝ። ቀጠሮው ዓርብ የካቲት አሥራ አራት ነው። ደረሰ የሚባለው የሚኒባስ ሹፌር «መንገዱ በዚህ ሳምንት ክፍት ነው፣ ለሚቀጥለው ማንም አያውቅም» ይላል። ጾሙ ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶታል።

ዓርብ ባሕር ዳር እንሂድ አልኳት። ልብስ እያጠፈች ነበር። አልተቆጣችም።

«ወርዷል እኮ። ስለቴን ተቀብሎኛል። አሁን ለመርፌ ብሄድ፣ አላመንኩህም ማለቴ አይደለም?»

ለቁጥጥር ብቻ ነው አልኩ። «አንተ ሰውዬ፣ ሰማዕቱን በሐኪም አላስፈትሸውም» አለች። ሳቀችብኝም። በነጋታው ደግሜ ብላት አገውኛዋን ጀመረች። የአዘና ተወላጅ ናት፤ ነገሩ ሲያበቃ በአገውኛ እንደምትዘጋው ታውቂያለሽ።

ይኸው የገባሁበት። መድኃኒቱ አለ፣ መኪናው አለ፣ መንገዱ ክፍት ነው። የዘጋሁት እኔ ነኝ። በአንዲት ወረቀት።

ደግሞ መቀነቷ። በየጠዋቱ ስትታጠቅ አያለሁ። ዱሮ ሦስት ጊዜ ዞሯት ጫፉ አንድ ክንድ ይተርፍ ነበር። ኅዳር ላይ እንዲያውም ከዚያ በላይ። ዛሬ ጠዋት የተረፈው ስንዝር አይሞላም። ሆዷ እየተነፋ፣ ክንዷ ግን እንደ ቀርቀሃ ቀጥኗል። እንደማያት ስታውቅ «ድንቹ ነው ያወፈረኝ» ትላለች። እስቃለሁ። ወርቄ፣ አስቢው፣ እስቃለሁ።

ነይ ልልሽ ነበር ይህን የጀመርኩት። ነይና አንቺ ንገሪያት። ከአንቺ ከሰማችው ትቀበለዋለች፤ ሠላሳ አምስትንም ከአንቺ ነው የተቀበለችው። ግን እዚህ ላይ ስደርስ ቀኑን ቆጠርኩ። ደብዳቤው ነገ በመኪና ቢወጣ እንኳ አዲስ አበባ ለመድረስ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ጂንካ በአውቶቡስ። ዓርብ ያልፋል። ስለዚህ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለማን ነው? ስምሽ ከላይ ተጽፏል። መጀመሪያ የምትሰማው ግን እሷ ናት።

መዝለል እችላለሁ። አንድ ጊዜ ዘልያለሁ። በሥራሽ የመጀመሪያ ዓመት ወባ ይዞሽ የጻፍሽውን ሁለት መስመር ዘልዬ ነበር ያነበብኩላት። ማታ እራት ስታቀርብ «ትንፋሽህ የቆረጠው ምን ጋ ደርሰህ ነው?» አለችኝ።

እፈራለሁ። ብነግራት ልቧ እንዳይቆም እፈራለሁ። ባልነግራት ዓርብን እፈራለሁ። ከሁሉ በላይ የምፈራው ሌላ ነገር ነው፤ ጽፌው ስለማላውቅ አሁንም አልጽፈውም። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። የሸጋ ቤት በር ሲዘጋ ሰማሁ መሰለኝ።

እንግዲህ እንዲህ እንወቅ። ከስሜ በታች የእናትሽ መስቀል ካለ፣ ሁሉንም አንብቤላታለሁ። ከሌለ፣ አባትሽ ፈርቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ አትደውዪ፤ ያገኘሽውን መኪና ይዘሽ ነይ።

እጅሽ የሚቀበላቸው ሕፃናት ሁሉ አልቅሰው ይወለዱ። አንቺን ግን ከልቅሶ ያርቅሽ። የእናትሽ አምላክ፣ እኔ ባሳፍረውም፣ በሄድሽበት አይለይሽ።

አባትሽ
አየነው

አነበብኩላት።

ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ «አንብብ» አለችኝ። እንዳልዘል ጣቴን ከየመስመሩ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ትደነግጣለች ብዬ ቆምኩ። አልደነገጠችም። የሸጋ ቤት የልጅ ሽታ ከነጠላዋ ይሸተኛል። ኑርሁሴን ጋ ስደርስ እጇን አነሳች፣ ጣቴን እዚያው ላይ አቆምኩ። መቀነቷን ፈታች፤ ቆይታ መልሳ አሰረችው። ድንገት ያረጀች መሰለችኝ።

«ጃንጥላውን አይመልሱትም አይደል?» አለች።

አላውቅም አልኩ።

«አይመልሱትም።» ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ «እንግዲያ ቀብድ ይሁነው» አለች። «ቀጥል።»

እስከ ስሜ ድረስ ቀጠልኩ። ስጨርስ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ቁጥሩን ድገምልኝ አለች። ደገምኩላት። ከንፈሯ እንደ ገበያ ቀን ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ሹፌሩ ደረሰ ዓርብ በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠየቀችኝ። አሥራ ሁለት ሰዓት አልኳት። ነጠላዋን ነገ ብታጥበው በአንድ ቀን ይደርቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይደርቃል አልኳት።

ብዕሩን ሰጠኋት። መስቀሉን አልሠራችም፤ ቁጥሩ ሲወርድ እሠራዋለሁ አለች። ወረቀቱን እኔ ያዝኩላት። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ጽሕፈት ነው። ሠላሳ አምስት ለመድረስ ስንት እንደቀረው ነው።

177