ከሣሩ ተነሡ ያልሁ ዕለት

ውድ ልጄ ወለላ፣

ይህን የምጽፍልሽ ሐይቁ ዳር ካለው መናፈሻ፣ በምሳ ሰዓት፣ አካፋና መጥረጊያ ከምናስቀምጥባት ክፍል ደጃፍ ተቀምጬ ነው። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፤ ቀስ ይላል። ስርዝ ድልዙን አትታዘቢኝ።

ከሞትሽ ዓመት ሊሆን አምስት ቀን ቀረው። ሥራዬን አልተውሁም። አባትሽ «እንዴት ከዚያ ውኃ ፊት ትውያለሽ? ሌላ ቦታ ያዛውሩሽ» እያለ ሲወተውተኝ ከረመ። እምቢ የምልበትን ምክንያት አልነገርሁትም ነበር።

ከድሮዎቹ የጣሊያን ጊዜ ቤቶች ፊት ለፊት ያለችውን የሣር መደብ ታስታውሻለሽ። ጠዋት ጠዋት ስገባ ሣሩን አራት ቦታ ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ፤ ልክ አራት ሰው ክብ ሠርቶ የተቀመጠበት ይመስላል። በሩ ደግሞ ማታ ይቆለፋል። ዘበኛው ገብረ ክርስቶስ «ውሻ ይሆናል፣ ሙሉነሽ» አለኝ አንድ ቀን።

«ውሻ ክብ ሠርቶ ይጫወታል?» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ እሱም በዚያ በኩል አይዞርም። እኔ ተንበርክኬ በጣቴ እያበጠርሁ አነሣዋለሁ። በማግሥቱ ደግሞ ተኝቶ ይጠብቀኛል።

ለማንም ያልተናገርሁትን ልጻፈው። ያን ዕለት ሣሩ ከተተከለ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። ተቆጣጣሪው አቶ ቢያዝን ሊያይ እየመጣ ነው ተባለ። አንቺ፣ ጓደኛሽ ቴዎና ሌሎቹ ሁለት የኮሌጅ ልጆች መሀሉ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትሥቃላችሁ። ጠዋቱን ሙሉ የሰውን ልጅ ሳባርር አርፍጄ የራሴን ዝም ብል ምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ፊሽካዬን ነፋሁ። «ተነሡ! ሣሩን ጨረሳችሁት! ሌላ መቀመጫ የላችሁም?» ብዬ በሰው ፊት ጮህሁባችሁ። ወንበሮቹ ሁሉ ተይዘው ነበር፤ አይቻለሁ።

ወደ ወደቡ ወረዳችሁ። ቴዎ የአጎቱን ጀልባ ለመነ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ጀልባው ተገለበጠ፤ ከአራታችሁ ሦስቱ ከውኃው ወጡ።

አባትሽ «ልጄን ለውኃ የሰጣት ያ ቴዎ ነው» አለ፤ ዘመዱም ይህን አመነ። ቴዎ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ከድንኳኑ አስወጣው። እኔ እዚያው ነበርሁ፣ ወለላ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። ፊሽካውን ሰምቷል፤ ግን ቃል አልተነፈሰም። እኔም መሬት መሬቱን አየሁ። ትምህርቱን ትቶ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ አክስቱ ቤት ተቀመጠ።

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ስለ ሙት ዓመትሽ ስንነጋገር አባትሽ «ያ ልጅ በደጄ እንዳያልፍ» አለ። ያን ጊዜ አላስቻለኝም።

«ወደ ጀልባው የሰደድኋት እኔ ነኝ፣ አስማማው» አልሁት። ሁሉንም ነገርሁት።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን «ስታባርሪያት ምን አለችሽ?» አለኝ።

«እጇን እንደ ወታደር ግንባሯ ላይ አድርጋ፣ ‹እሺ፣ የመንግሥት ሰው!› አለችኝ።»

አባትሽ ሣቀ። ዓመት ሙሉ ያልሰማሁትን ሣቅ ሣቀ፤ ወዲያው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ተቆጥታ አልሄደችም?»

«አልተቆጣችም።»

«በይ ተነሺ» አለኝ።

ዘንዘልማ ስንደርስ ቴዎ አክስቱ ደጅ ልብስ ያሰጣ ነበር። አባትሽን ሲያይ እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዘ ቀረ። በአክስቱ ፊት ጥፋቴን ተናገርሁ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ ሙሉነሽ» አለኝ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልህ?»

«እርስዎ እናቷ ነዎት። ምን ብዬ ልናገር?»

አባትሽ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ቅዳሜ ለሙት ዓመትሽ ቴዎ ከአባትሽ ጎን ይቆማል።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ እኔና አባትሽ ብቻ ነበርን። እሱ ጥግ ይዞ፣ በመሀላችን አንድ ሰው የሚያህል ቦታ ትቶ ተቀመጠ። እስከ ቤት ፊቱን ወደ ውጭ እንዳዞረ ነበር። ያ ቦታ ላንቺ የተተወ ይሁን ከእኔ ለመራቅ፣ አላወቅሁም። እኔም ተጠግቼ አልሞላሁትም።

ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ነፍስሽን ይማርልኝ።

እናትሽ ሙሉነሽ
ባሕር ዳር