ሦስቴ የሞትሁበት ትምህርት ቤት

ይድረስ ለልጄ ለሙሉነሽ ኃይለገብርኤል፣
ድሬዳዋ።

እንደ ምን ሰንብተሻል፣ ልጄ? ከሞትሁ ወዲህ እንዴት ነሽ? የድሬዳዋ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? የባልሽ የቸሩ ወገብ ተሻለው ወይ? ትንሹ ልጅሽስ ጥርስ አወጣ? እኔ አባትሽ ከናፍቆትሽና ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከሞትሁ ወዲህ ደኅና ነኝ። እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ጎረቤት እነካካለሁ።

አትደንግጪ። የሚያናግርሽ መንፈስ አይደለም። ባቡር ላይ የሚሠራው አጽብሃ ባለፈው ሰኞ መጥቶ ደጃፌ ላይ ፀሐይ ስሞቅ ቢያገኘኝ ሦስት ጊዜ አማተበ። ጥቁር መልበስሽን፣ ጠጉርሽን መቆረጥሽን፣ አርባዬንም ሙክት አርደሽ ማውጣትሽን የነገረኝ እሱ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። ሰው ተዝካሩን በቁሙ መስማቱ ለስንቱ ይደርሰዋል? ካንድ ጎኑ ለሟቹም ጥቂት ቢላክለት ግን ምን ነበረበት? ይህን ብዬ አጽብሃን ካሳቅሁት በኋላ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ለቸሩ እንዳትነግሪው፤ ይስቅብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትልቋን ልጅሽን ለምለምን እኔ ዘንድ ትተሻት ስትሄጂ፣ ከቤታችን በላይ ያለው ትምህርት ቤት እንዳስገባልሽ አደራ ብለሽኝ ነበር። ጠላት በገባ በሳምንቱ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ዛሬ የጭነት መኪና ጎማ ይከመርበታል። ከበላዩም ለሹማምንቶቻቸው ቤት ይሠሩ ጀመር፤ ሰፈሩንም ካዛንቺስ ይሉታል። ጥርስ ላነሰው አፍ የሚሆን ስም አይደለም፤ እኔ ስጠራው ምራቄ ጢሜ ላይ ይቀራል።

ቆይተው መምህራኑን አንድ በአንድ እየጠሩ በቋንቋችን አስተምሩ፣ መዝሙራችንን አዘምሩ፣ ለዚህም ፈርሙ ይሏቸው ጀመር። መምህራኑ አራት ናቸው፤ አለቃቸው ያ ረጅሙ መምህር አርአያ ነው፣ ከመካከላቸው ሴቷ ወይዘሪት ፀሐይቱ ናት። ቂርቆስ ደጀ ሰላም ላይ ተሰብስበው፣ አንዳችን ከፈረምን ሁላችን ፈረምን፣ አንዳችን ከታሰርን ሁላችን ታሰርን ተባብለው ተማማሉ። አንድ በአንድ ሲጠሯቸው አራቱም ባንድነት ሄዱና አንፈርምም አሉ። መምህር አርአያን አሰሩት። ሦስቱ በየጧቱ ስንቅ ይዘው እስር ቤቱ በር ላይ እየቆሙ፣ እኛንም አስገቡን እያሉ ሹሙን መቆሚያ መቀመጫ አሳጡት። ወር ሲሞላው አውጡልኝ ብሎ ለቀቀው። እኔ እነዚህን ሰዎች ነበር ቀድሞ፣ ከጠመኔ በቀር የሚያነሡት የለም እያልሁ የማፌዝባቸው።

ሲፈታስ የት ያስተምር? አሥር ሰው አንድ ቤት ከገባ ካራቢኜሪ የሚሉት ፖሊሳቸው ይመጣል። የማይበትኑት ስብሰባ ለቅሶ ብቻ ነው። ይህን ያስተዋለች ፀሐይቱ ናት። የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰብስባ፣ አባቶቼ፣ አንዳችሁ ሙቱልን አለችን። ሌላው ሁሉ ሟርት ነው ብሎ ሲያጉረመርም እኔ እጄን አወጣሁ። እኔስ ልምምዱ ሳያስፈልገኝ አይቀርም አልኋት።

ድንኳን ይተከላል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ከኋላ ጉዝጓዙ ላይ ሆነው፣ ሰሌዳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይማራሉ። ቦት ጫማ ሲሰማ ሰሌዳው ከጉዝጓዙ ሥር ይገባል፤ ፊደሉ ግን በሙሾ ዜማ ይቀጥላል። ሀ ሁ ሂ፣ ወየው አባቴ! ሃ ሄ ህ፣ ወየው ጋሻዬ! ደረት እየተመታ ፊደል ሲቆጠር ሰምተሽ አታውቂም። በሠልስቱ ድንኳኑ ይነቀላል፤ በሳምንቱ ሌላ ሰፈር ሌላ ሽማግሌ ይሞታል። እኔን ሁለት ጊዜ ከወንዙ ማዶ በሰው ቤት አለቀሱልኝ፤ ሦስተኛው በገዛ ቤቴ ሆነ። ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጬ ንፍሮዬን እየቃምሁ አዳምጣለሁ። ለምለም ስትሳሳት ብስቅ፣ በመጋረጃው ቀዳዳ አፍጥጣ፣ አባባ፣ ሬሳ አይስቅም ትለኛለች።

በሦስተኛው ሞቴ የአክስትሽ ልጅ ጀማነሽ ወደ ድሬዳዋ ስትመለስ ልትሰናበተኝ ጎራ አለች። ድንኳኑን ከሩቅ አይታ፣ ጋሼ! ጋሼ! እያለች ደረቷን እየደቃች ገባች። ልወጣላት መጋረጃውን ያዝሁ። በዚያው ቅጽበት ካራቢኜሩ ካስተርጓሚው ጋር በሩ ላይ ቆመ። ብወጣ ሃያ ሁለት ልጆችና አራት መምህራን ሊያዙ ነው፤ ባልወጣ ያች ምስኪን መርዶዬን ይዛ ወዳንቺ ልትሄድ ነው። መጋረጃውን ለቀቅሁት። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። በዕድሜዬ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም።

ጣሊያንኛ የምትሰማው ፀሐይቱ ኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ካራቢኜሩ፣ ልጆቹ ምን እያሉ ነው? ብሎ ጠየቀ። ልጆቹ መ ሙ ሚ ላይ ነበሩ። አስተርጓሚው ያገራችን ሰው ነው፤ ፊደል እንዴት ይጠፋዋል? ጥቂት አዳመጠና፣ የሟቹን ስም ነው የሚጠሩት አለው። ካራቢኜሩም የጀማነሽን እንባ አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። የኛ ሙሾ እንኳ ማንንም አያታልልም፤ ያዳነን የሷ እውነተኛ ለቅሶ ነው። እኔ ግን ላመሰግናት ሳልደርስ ባቡሩ እንዳያመልጣት ሮጣ ሄደች። በሳምንቱ ሌላው ሽማግሌ ሲሞት፣ አስተርጓሚው ሴት ልጁን እጇን ይዞ መጥቶ ጉዝጓዙ ላይ አስቀመጣት። ፀሐይቱም ሰሌዳ ጉልበቷ ላይ አኖረችላት።

በማግስቱ ልጽፍልሽ ነበር፤ ነገር ግን ፖስታውን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። እንደ አጽብሃ ያለ ምስጢር የሚይዝ ሰው እስክናገኝ ሁለት ወር አለፈ፤ አንቺም ያን ሁሉ ቀን በከንቱ አለቀስሽ።

አሁን ጽሕፈቱን ልብ ብለሽ እዪው። የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ እናገራለሁ እንጂ ከላይ እስከ ታች የጻፈችው ለምለምሽ ናት። ስትለዪያት ስሟን እንኳ መጻፍ አታውቅም ነበር። መስመሯ እንደ ሰካራም ሽቅብ ቁልቁል ይላል። ይህንን አልጽፍም ብላ ብዕሩን አስቀምጣ ነበር፤ መምህር አርአያ፣ ጸሐፊ የተነገረውን ይጽፋል ብሎ ፈረደልኝ። እሱንና ጓደኞቹን በጸሎትሽ አስቢልኝ። ተዝካር ካወጣሽልኝ አይቀር ምስጋናውን ለነሱ አድርጊው።

ቸሩን ወገቡን እያሸሽ ሳሚልኝ። ሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚው። አማትሽን፣ የሞተው ሰው እንደ ምን አሉ ይላል በያቸው። ጀማነሽን ቀስ ብለሽ ንገሪያት፤ አስቀድመሽ አስቀምጫት። ከዚያ እግሯ ላይ ወድቀሽ ስለኔ አመስግኛት።

ጥቁሩን ዛሬውኑ አውልቂ። አትጣዪው ግን፤ አጥበሽ አስቀምጪው፣ አንድ ቀን የምር ያስፈልግሻል። ደብዳቤውንም የልጅሽን እጅ ጽሕፈት አጥንተሽ ስትጨርሺ እሳት ውስጥ ጨምሪው። ከእንግዲህ ማንም መጥቶ፣ ቄስም ቢሆን፣ አባትሽ ሞተ ብሎ ቢያለቅስብሽ፣ በዚህ እጅ የተጻፈ ቃል እስኪደርስሽ ድረስ እንዳትቀበዪ። የዚያን ቀን ለምለም ራሷ ትጽፍልሻለች፤ የሚነግራትም አያስፈልጋትም።

አባትሽ ኃይለገብርኤል፣ በሕይወት ያለው።
ቂርቆስ፣ ካዛንቺስ ከሚሉት በታች፣ አዲስ አበባ፣
ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.