ከማኅደሩ ጀርባ ስለታተመው የስልክ ቁጥሬ

ለዓይን ሆስፒታሉ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በአሥራ ሁለት ዓይነት አቋቋም ተነሥተው የላኩልኝን ፎቶግራፎች ስላየሁ በዚህ በኩል ስጋት የለኝም። እኔ የሆስፒታልዎ አዲስ ድረ ገጽ ሲመረቅ ለጋዜጠኞች የታደለውን ማኅደር፣ እናንተ ሚዲያ ኪት የምትሉትን፣ ያተምኩት የሰፈሩ ማተሚያ ቤት ባለቤት ነኝ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩. ስለ ትጋትዎ አመሰግናለሁ። የሎጎውን ሰማያዊ ቀለም ዘጠኝ ጊዜ አስቀይረው ወደ መጀመሪያው መልሰውታል። የሕይወት ታሪክዎ በግማሽ ገጽ ገብቶ በሦስት ገጽ ተኩል ወጥቷል፤ የክፍል አለቃ ከነበሩበት ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ያለውን ሠራተኞቼ በቃላቸው ይዘውታል። ቦታ ሲጠብም፣ ድረ ገጹ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳው ገጽ እንዲወጣ በትሕትና አዘዙን።

፪. ስለ እምነትዎ ከዚያም በላይ አመሰግናለሁ። በመጨረሻው ገጽ፣ «ለቀጠሮ ይደውሉ» ከሚለው ሥር፣ ቁጥራችሁ እስኪመጣ ቦታ መያዣ ይሁን ብዬ የማተሚያ ቤቴን ስልክ አስገብቼ፣ የራሳችሁን እንድትተኩበት በቀይ እስክሪብቶ አክብቤ ጽፌ ነበር። ለእርማት የላክኩልዎ ቅጂ ስድስት ጊዜ ሲመላለስ በዚያ ገጽ ላይ አንድ ጭረት አላረፈበትም። በስድስተኛው፣ የሕይወት ታሪክዎ ላይ «ይታተም» ብለው ፈረሙ፤ እኔም ስድስት ጊዜ ያየ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል ብዬ አተምኩት። የእኔም ጥፋት አለበት፣ አልሸሽም።

፫. ጋዜጠኞቹም አላሳፈሩዎትም፤ ማኅደሩን እንዳለ በሬዲዮ አነበቡት። ድረ ገጹ ከዚያው ቃል በቃል ስለተገለበጠ ስልኬ እዚያም ወጣ። የድረ ገጹ ቀጠሮ መያዣ ሲነካ ግን «በቅርብ ቀን ይጠብቁን» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አያውቅም፤ ቀጠሮ ይያዝበት የነበረው የወረቀት መዝገብ ደግሞ ዘመኑ አልፎበታል ተብሎ በምረቃው ዕለት ከመስኮቱ ተነሥቷል። እናም የዓይን ሞራ የጋረደው ሰው ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ተሳስታችኋል እያልኩ መለስኳቸው። በማግስቱ አንዲት እናት፣ ተሳስተውም ቢሆን ስልክ ያነሣላቸው ሰው እኔ ብቻ መሆኔን ነግረውኝ ሲያመሰግኑኝ አንጀቴን በሉት። ደብተር ገዝቼ ስም፣ ዕድሜ፣ የትኛው ዓይን እያልኩ መመዝገብ ጀመርኩ። እስከ ትናንት ጠዋት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል። የገዛ እናቴ አርባ አንደኛ ናት፤ ላስቀድማት ብል፣ ቀድመው የደወሉትን አልዘልም ብላ ድርቅ አለች። ባለፈው ሳምንት ሻዩን ከኩባያው ጎን ቀድታ፣ ሆን ብላ ጠረጴዛ የምታጸዳ መስላ ወለወለችው። እኔም እንዳላየ ሆንኩ። ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት ስለ እርስዎ ያሰብኩትን በዚህ ደብዳቤ ላይ ማተም አልችልም።

፬. ልመናዬ አንድ ነው። ደብተሩን ተረክበው እንደ መዝገብ ይቁጠሩት፤ ሐኪሞቹም ሰዉን በተራው ይጥሩት። ማኅደሩ እንደገና ይታተም ካሉም፣ ከሕይወት ታሪክዎ አንዲት መስመር እንዳትነካ ቃል እገባለሁ።

ሳይሾም የሆስፒታልዎ ቀጠሮ ክፍል የሆነው፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እርስዎን ከነሎጎዎ በአክብሮት የሚያስታውሰው፣
አታሚዎ

ማስታወሻ፦ ትናንት ከምሳ በኋላ ቁጥሩን ከራስዎ ማኅደር ላይ አንብበው የደወሉት እርስዎ ነበሩ፤ ስለ ሰማያዊው ቀለም ስንነጋገር ድምፅዎን ለምጄዋለሁ። ስልኩ ወዲያው መነሣቱን አድንቀው፣ ማን እንደሆኑ ገልጸው፣ የባለቤትዎን እናት እንዳስቀድምልዎ ጠይቀውኛል። አማትዎ ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛ ሆነው ተመዝግበዋል፣ ግራ ዓይን። ደብተሩን እስኪረከቡን ድረስ እሳቸውም እንደ እናቴ ይጠብቃሉ።